የውል ማፍረሻ ምንድን ነው? የመሸጫ ዋጋ እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ የሬዲዮ የኳስ ተንታኝ ስለ ባርሴሎናው ተጫዋች ሲያወራ «የባልዴ ዋጋ 1 ቢሊዮን ዩሮ ነው» ሲል ሰማሁ። ቢሊዮኑስ ልክ ነው። ዋጋ መባሉ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

አሌሃንድሮ ባልዴ በ2023 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ከባርሴሎና ጋር ሲፈርም ውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር፣ በስፔን የውል ማፍረሻ የሚባለው፣ ካሳ ነው። ተጫዋቹ በገዛ ፈቃዱ ውሉን አፍርሶ ቢወጣ የሚከፈል ካሳ። ሻጭ የለም፣ የሚሸጥ ነገርም የለም። ሠራተኛ ሥራውን ለቀቀ፣ ካሳውን ከፈለ፣ አለቀ።

የቤት ኪራይ አድርጋችሁ እዩት። የአምስት ዓመት ውል የፈረመ ተከራይ በሁለተኛው ዓመት ልውጣ ካለ ቅጣት ይከፍላል። ቅጣቱ የቤቱ ዋጋ አይደለም። ሌላ አከራይ መጥቶ «ቅጣቱን እኔ እሸፍንልሃለሁ፣ እኔ ጋ ግባ» ቢለው፣ የመጀመሪያው አከራይ ብሩ እስከቀረበለት ድረስ ሰውየውን ማስቀረት አይችልም። ተከራዩ «አልወጣም» ካለ ግን ገንዘቡ በጆንያ ቢመጣም ከንቱ ነው። ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ዕቃውን ጭኖ አምስት ሳንቲም ሳይከፍል ይሄዳል። አከራይ ለተከራይ ደሞዝ ስለማይከፍል ምሳሌው እዚህ ላይ ማንከሱ አይቀርም።

የተከላካዩ ኢኒጎ ማርቲኔዝ የኳስ ሕይወት ሁሉንም ያሳያል። ኦንዳሮዋ ተወልዶ በሪያል ሶሴዳድ ክለብ ያደገ፣ የሰሜን ስፔኗ የባስክ ግዛት ልጅ ነው። በጥር 2018 ማንቸስተር ሲቲ የኤመሪክ ላፖርትን ማፍረሻ 65 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ከአትሌቲክ ቢልባኦ ወሰደው። ቢልባኦ የሚያሰልፈው ከባስክ ጋር የተያያዙ ተጫዋቾችን ብቻ ስለሆነ ምርጫው ጠባብ ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ጎረቤት ባላንጣው ሶሴዳድ አዞረ። የኢኒጎ ማፍረሻ 32 ሚሊዮን ዩሮ ተከፈለ፣ ልጁም ሄደ። የሶሴዳድን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

በ2023 ውሉ አለቀና ያለ ዝውውር ክፍያ ባርሴሎና ገባ። በ2025 ክረምት ደግሞ ውሉ ገና ሳያልቅ ክለቡ በስምምነት ለቀቀውና የሳዑዲውን አል ናስርን ተቀላቀለ። ማፍረሻ የከፈለ የለም። ተንታኛችን ይህን በየትኛው «ዋጋ» ሊያስረዳን ነው? የባርሴሎናው አንሱ ፋቲስ? የ1 ቢሊዮን ማፍረሻ ተሸክሞ ነው በ2023 በውሰት ብራይተን የሄደው።

«ያው ገንዘብ ገንዘብ ነው» የሚልም አይጠፋም። አይደለም። በድርድር የተገዛ ተጫዋች ሂሳብ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ሊከፈል ይችላል። ማፍረሻ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚቀርበው። በ2017 የኔይማር የ222 ሚሊዮን ዩሮ ማፍረሻ ያን ያህል ያስደነገጠው ለዚህም ጭምር ነው። በወረቀት ላይ ከፋዩ ተጫዋቹ ነው፤ ገንዘቡ ከአዲሱ ክለብ ቢመጣም።

የእንግሊዙን ከዚህ ጋር አታምታቱብኝ። እዚያ ማፍረሻ ውል ውስጥ ከገባ፣ የተባለው ገንዘብ ሲቀርብ ክለቡ እንዲቀበል የሚያስገድድ ስምምነት ነው። በብዙ ተጫዋቾች ውል ላይ ጭራሽ የለም።

የሥራ ሕግ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የስፔን መሠረቱ በ1985 የወጣው የስፖርተኞች የሥራ ደንብ ቁጥር 1006 ነው። ደንቡ ተጫዋቹ መልቀቅ እንደሚችል፣ ክለቡም ካሳ እንደሚገባው ይናገራል እንጂ ቢሊዮን አይልም። ቁጥሩን የሚጽፉት ክለቦች ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማስፈራራት። ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ዳኛ ሊቀንሰው ይችላል። በ2005 ኢባን ዙቢያውሬ የተባለ ተከላካይ ያንኑ ከሶሴዳድ ወደ ቢልባኦ የሚወስድ መንገድ ሄዶበት ነበር። ሶሴዳድ 30 ሚሊዮን ዩሮ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ የወሰነለት 5 ሚሊዮን ነው።