ማኅበራዊ ማንነት ምንድን ነው? «እኛ»ም እኮ አንደኛ መደብ ነው

አንዱ ሰሞኑን «ማኅበራዊ ማንነት ማለት ራስን ለቡድን አሳልፎ መስጠት ነው፤ እኔ ግን ግለሰብ ነኝ» ሲል ሰማሁት። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ቃሉ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው የሄንሪ ታጅፈል ነው። ሰው ስለ ራሱ ካለው ግንዛቤ ውስጥ፣ የአንድ ቡድን አባል መሆኑን ከማወቁና ለአባልነቱ ከሚሰጠው ዋጋና ስሜት የሚመነጨውን ክፍል ነው እንዲህ ያለው። ልብ በሉ፣ ስለ *ራሱ* ካለው ግንዛቤ ውስጥ! የአባላት ዝርዝር ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ማኅበራዊ ማንነት አለው ማለትም አይደለም፤ ስሙ ሰፍሮ ጉዳዩም ላይሆን ይችላል።

ያ «ግለሰብ ነኝ» ያለው ወንድሜ ነገሩን በሚዛን ነው የሚያየው፤ ቡድኑ ሲከብድ ግለሰቡ ይቀልላል። ሚዛኑን እንተወውና ወደ ሰዋስው እንሂድ። «እኔ» አንደኛ መደብ ነው፣ «እኛ»ም አንደኛ መደብ ነው። «መጣን» ያለ ሰው ራሱም መጥቷል። የሚናገረው አፍ ያው አንድ አፍ ነው፣ ግሡ ግን ይለወጣል፤ ከግሡ ጋር ደግሞ ማን ሲሰደብ እንደሚያመን፣ በማን ስኬት ደረታችንን እንደምንነፋ አብሮ ይለወጣል። ብቻችንን ፈተና ስንጠብቅ «እኔ» ነን። ስለ ሙያችን ምንም የማያውቅ ሰው ሙያውን ሲያጣጥል ግን ሳናስበው «እኛ እኮ...» ብለን እንጀምራለን። (ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትንሽ ያነክሳል። ሰዋስው «እኛ» ስትሉ እነማንን እንደሆነ አይጠይቅም፤ እኛ የምንጠይቀው ግን መጀመሪያ እሱን ነው።)

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ሮበርት ቻልዲኒ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ዩኒቨርሲቲያቸው ቡድን ጨዋታ ጠየቁ። ስላሸነፈበት ጨዋታ ሲያወሩ «አሸነፍን» ማለት በዛ፣ ስለተሸነፈበት ሲሆን ግን «ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸዋል። ልዩነቱ የጎላው ጥቂት ቀደም ብሎ ጥያቄዎች ተጠይቀው «ብዙ ስተሃል» የተባሉት ላይ ነበር። «እኔ» ሲጎዳ «እኛ»ን ለጥገና ጠራው ማለት ነው። ራሱን አሳልፎ የሰጠው ታዲያ የቱ ጋ ነው?

«ቡድን ካለ ጥላቻ አለ» የሚሉትም አሉ፤ የታጅፈልን የ1971 ሙከራ ይጠቅሳሉ። ከ14 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ለይስሙላ ምክንያት ለሁለት ከፈላቸው። ለሌሎች ነጥብ ሲያድሉ ለወገናቸው አደሉ፣ አንዳንዴም ወገናቸው ብዙ ከሚያገኝ ከሌላው እንዲበልጥ መረጡ። እውነት ነው። ግን እኩል ማካፈልም እዚያው ሙከራ ውስጥ ነበር። ደግሞም ያደሉት ጥሩ ነገር ነው፤ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ደስ የማይል ነገር ሲያሳድሉ አድልዎው በጣም ቀነሰ። ይህኛው ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።