እንቁላል የቀነሰው ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው?

ሱሉልታ ያለን ዶሮ አርቢዎች ሁለቱን እያምታታን ነው። የወሩን አማካይ ብቻ አትዩ፤ መሃል ላይ ያለችውን ጉድለት ይደብቃል። ከየቀኑ እንቁላል የተለመደውን ቀንሱ፣ ልዩነቱን እየደመራችሁ ሂዱ። ፔጅ የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1954 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው።

የተለመደው 90 ነው እንበል። 90፣ 91፣ 89፣ 84፣ 83፣ 85፣ 90፣ 91 ለቀማችሁ። ድምሩ 0፣ 1፣ 0፣ -6፣ -13፣ -18፣ -18፣ -17 ይመጣል። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን ቁልቁል ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። ጊዜያዊ ማለት ይኸው ነው። ምርቱ ወርዶ ቢቀር ኖሮ ድምሩም መውረዱን ይቀጥል ነበር። (ወደ ዜሮ አለመመለሱ አያስደንግጣችሁ፤ የጎደለው እንቁላል እኮ አልተተካም።)

ሂሳቡ አያከራክርም። ስንት ሲጎድል እንንቃ የሚለው ግን እንደየቤቱ ነው። በትንሹ ከነቃችሁ በከንቱ ትደነግጣላችሁ፤ ብዙ እስኪጎድል ከጠበቃችሁ ትዘገያላችሁ።