ኢናባል ምንድን ነው?

ኢናባል በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦ ደሴት፣ አፖ ተራራ አካባቢ የሚኖሩ የባጎቦ ሴቶች የሚሸምኑት የአባካ ጨርቅ ነው። ከእሱ የሚሰፋው ጉርድ ቀሚስ ዙሪያው የተዘጋ ነው። ውስጡ ገብተው ትርፉን ወገባቸው ላይ አጥፈው ይሸጉጡታል።

አባካ የሙዝና የእንሰት ዘመድ ነው። እንደ እንሰት እሱም ተፍቆ ቃጫ ይወጣዋል። ዓለም የሚያውቀው ለመርከብ ገመድ ነው፤ የሻይ ከረጢት ሳይቀር ይሠራበታል። የባጎቦ ሴቶች ግን ቃጫውን በቀጭኑ ሰንጥቀው፣ ጫፍና ጫፉን እየቋጠሩ ክር ያደርጉታል።

ንድፉ የሚያልቀው ገና ሽመናው ሳይጀመር ነው። ልብ የሚያወልቀው ሥራም ያ ነው። ድሩ ይወጠርና ቀለም እንዳይነካው የተፈለገው ቦታ ሁሉ፣ ጥቂት ጥቂት ክር እየተያዘ፣ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ ይነከራል። ጥቁሩ ከዛፍ ቅጠል፣ ቀዩ ከሥር ይገኛል። እስሩ ሲፈታ ቀለም ያልደረሰበት ቦታ ንድፍ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ ቀለም ካስፈለገ ደግሞ እንደገና ማሰር፣ እንደገና መንከር ነው። ማጉ ወጥ ቀለም ስለሆነ ንድፉን አይረብሸውም። ተሸምኖ ሲያልቅ ጨርቁ በዛጎል ይታሻል፤ ያ አንጸባራቂ ገጽ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቀሚሱ ከሦስት ቁራጭ ይጋጠማል። መሃለኛውን እናት፣ ጎንና ጎኑን ልጅ ይሏቸዋል። ዓይን የሚስበው ንድፍ ያለው እናቲቱ ላይ ነው።

በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ሳሊንታ ሞኖን ናቸው። በ12 ዓመታቸው እናታቸውን አስተምሪኝ ብለው ጀመሩ። በ1998 እ.ኤ.አ. የፊሊፒንስ መንግሥት ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኙ። አንድ ቀሚስ ለመጨረስ አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸው ነበር። በጣም ይወዱት የነበረው የአዞውን ንድፍ ነው፤ ከከባዶቹም አንዱ እሱ ነው። ግን የፋብሪካ ጨርቅ በርካሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ እሳቸው ራሳቸው ቀሚሱን ለክት ብቻ መልበስ ጀመሩ። በወር ሥራና በፋብሪካ ዋጋ መካከል ምን ውድድር አለ?

ገበያ ላይ ካጋጠማችሁ የንድፉን ጠርዝ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ቀለሙ እስሩ ሥር ትንሽ ስለሚሰርግ የእውነተኛው ጠርዝ ደብዘዝ ይላል። እንደ ምላጭ የጠራ ከሆነ የማሽን ህትመት ሳይሆን አይቀርም።