ጠገራ ብርና የድሮ ሳንቲም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው አንድ ጠገራ ብር መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ከእናታቸው የወረሱት ነው። «ልጄ፣ ይኼ ሚሊዮን ያወጣል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ሳንቲም እንደምሰበስብ ሰፈሩ ያውቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየወሩ ይመጣልኛል። ቅዳሜ ገበያም ሆነ ዘጌ ከጀልባ ወርዶ ወደ ገዳማቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የምሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ወሬ አንዱን ለማይረባ ነገር ብዙ ብር ያስከፍለዋል። ሌላውን ደግሞ የእናቱን ንብረት በርካሽ ያሸጠዋል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«1780 ይላል፤ ስለዚህ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል»

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን አብሯት አልሞተም። በእኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ እንጂ ሌላ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ዓመቱ ሳይቀየር፣ 1780 እንደተባለ መታተሙ ቀጠለ። ከቪየና ሌላ ሚላኖና ቬኒስም አትመውታል። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ አስመጥቶ ሮም ላይ አሳተመ። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ታትሟል። ቪየና ዛሬም ያትመዋል።

እንግዲህ እጃችሁ ላይ ያለው የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ያየ ሊሆን ይችላል። ያባታችሁ እኩያም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ አይለያቸውም። የሚለያቸው ትንንሽ ነገር ነው፦ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ፣ የንስሩ የጅራት ላባ አደራደር፣ ከደረቷ በታች ያሉት ሁለት ፊደላትና ነጥቦቻቸው። አያቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ጠገራ ሲቀበሉ የጌጧን ፈርጦች በጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥሩ ነበር። ይህ ጥንቃቄያቸው ሁሌም ይገርመኛል።

የራሳችን ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸውና 1936 የሚሉት ሳንቲሞች «የጣሊያን ጊዜ ናቸው» ተብለው ይሸጣሉ። ሻጩ ቁጥሩን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦት ነው። 1936 ዓ.ም. ማለት ጣሊያን ከወጣና ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ያው 1936 ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ታትሟል። እናም 1936 የሚል ሁሉ በ1936 አልተሠራም።

«የቆየ ሁሉ ውድ ነው»

አይደለም። ዋጋ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ስንት ቀርቷል፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል። ባለ 1936ቱ ስሙኒ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ክብ ነበር። መጠኑ ደግሞ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ተቀራራቢ ነበር። ብልጣብልጦች ስሙኒውን በብር እየቀቡ ሃምሳ ሳንቲም ነው ብለው ሰጡ። መንግሥት ክቡን ሰበሰበና ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አደረገው። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ክቡን ነው። ሁለቱም ላይ ያለው ዓመት አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል። ከነሱ ጋር የወጣው የብር ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ በብዙ ሚሊዮን ስለታተመ እስካሁን በየቤቱ አለ።

ጠገራን በተመለከተ አንድ ሒሳብ በቃላችሁ ያዙ። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው። ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ይሆናል። ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ማዕድን ዋጋ አባዙት። የመነሻ ዋጋው እሱ ነው። ከዚያ በታች የሚሰጣችሁ ሰው እየጎዳችሁ ነው። ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚጠይቃችሁ ደግሞ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት።

«መጀመሪያ ማጽዳት ነው፤ ጥቁር ሳንቲም ማን ይገዛል?»

ይህ ነገር በጣም ያመኛል፤ ራሴ አድርጌዋለሁና። መሰብሰብ በጀመርኩ ሰሞን አክስቴ አንድ የምኒልክ ብር ሰጠችኝ። አንበሳው፣ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ግን ጠቁሯል። እናቴ የነሐስ ዕቃ ስታጸዳ እንደማያት በሎሚና በአመድ አሸሁት። እንደ መስታወት አበራ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ላሉ አንድ አንጋፋ ሰብሳቢ አሳየኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው ብርሃን ላይ ያዙት። አንድ ሺህ ቀጫጭን ጭረት ታየ። ዝም አሉ፤ ከዚያ «ይህን ማን ገደለው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። እሱን ስትፈትጉ ከብሩም አብራችሁ ታነሣላችሁ። የጸጉሩ መስመር፣ የአንበሳው ጎፈር፣ የፊደሉ ጠርዝ ይሄዳል። ተመልሶ አይመጣም። ሰብሳቢ ከተፈተገ ሳንቲም ይልቅ የጠቆረውን ይመርጣል፤ የተሻለም ይከፍላል። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኦሞ አይነካው። አፈር ከያዘው ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። የምታስቀምጡበትም ነገር ወሳኝ ነው። ያ የሚተጣጠፈው ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ነገር ይተፋና ሳንቲሙን ይበላዋል። አሲድና ድኝ የሌለው ወረቀት ይሻላል።

«ማግኔት ካልሳበው እውነተኛ ነው»

ማግኔት ብርን አይስብም፤ ልክ ነው። ግን መዳብን፣ ነሐስንና እርሳስንም አይስብም። አብዛኛው ሐሰተኛ ጠገራ የሚሠራው ደግሞ ከነዚህ ነው። በተቃራኒው በ1923 ዓ.ም. የወጡት ባለ 10፣ ባለ 25ና ባለ 50 መቶኛ ሳንቲሞች ከኒኬል የተሠሩ ናቸው። ማግኔት ይስባቸዋል፤ እውነተኛም ናቸው። አንድ ወጣት «ሐሰተኛ ነው» ተብሎ ሊጥለው ሲል የደረስኩበት አለ።

የተሻለው መንገድ ሚዛን ነው። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ በትሕትና ብትጠይቁ ይመዝኑላችኋል። ከዚያ የውሃ ሙከራ አድርጉ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም አውርዱት፤ ታቹን ግን አይንካ። እውነተኛ ጠገራ ከሆነ ሚዛኑ ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ያሳያል። ያው ክብደት ያለው የነሐስ ሥራ ከ3 ግራም ያልፋል። ጠርዙንም አትርሱ። እውነተኛው ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን አለው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ እዚያ ላይ ይጋለጣል፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል ወይም የመጋጠሚያ መስመር ይታያል።

«ከገዳም የወጣ ነው»

ይህን በጣና ዙሪያ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከአንድ ደሴት እንደመጣ ይነግራችኋል። ሁለት ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ውሸት ከሆነ ለወሬ እየከፈላችሁ ነው። እውነት ከሆነ የተሰረቀ ዕቃ እየገዛችሁ ነው። በሁለቱም አትግዙ።

የአክሱም ሳንቲምም እንዲሁ። ገበሬ ሲያርስ አገኘው ቢባል እንኳ ነገሩ የአገር ቅርስ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ንጉሥ ኢዛና ከክርስትና በፊት የነበረውን የጨረቃ ምልክት አንሥቶ መስቀል ያስቀረጸበትን ሳንቲም ማየት የፈለገ ሙዚየም ይሂድ። እኔ ቤት እንዲኖር አልፈልግም።

«ኢንተርኔት ላይ ይህን ያህል ይላል»

ይላል። ግን ማንም ሰው የፈለገውን ዋጋ መጻፍ ይችላል። መታየት ያለበት የተጠየቀው ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበት ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል።

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ የሳንቲም ባዛር ሄዳ በቪዲዮ አሳይታኛለች። ጠረጴዛ በጠረጴዛ ተደርድሯል። መጀመሪያ «ካታሎጉ ይህን ያህል ይላል፤ ነጋዴው ግን ግማሹን ሰጠኝ፤ ሌባ ነው» ብላ ተናደደች። ሌባ ነው ማለት አይደለም። የጠረጴዛ ኪራይ አለበት፤ ገዥ እስኪያገኝም ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። እሷ እንድታደርግ የነገርኳት ቀላል ነው፦ ምንም ሳትገዢ አንድ ጊዜ ዙሪ፣ ሦስት ጠረጴዛ ጠይቂ፣ ከዚያ ተመለሽ። በይዘታቸው ከ1 እስከ 70 ደረጃ ተሰጥቷቸው በፕላስቲክ የታሸጉትም ቢሆኑ ማሸጊያውን የሚያስመስል ስላለ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ባሸገው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አመሳክሪ።

«ቀለበት የተበየደለት ጠገራ ዋጋ የለውም»

ለሰብሳቢ ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ እውነት ነው። ብሩ ግን ያው ብር ነው። እንደ አንገት ጌጥ ደግሞ ሌላ ገዥ አለው።

የጎረቤቴም ጠገራ ቀለበት ነበረው። ወርቅ ቤት ሄደን አስመዘንነው፤ ውሃውንም ሞከርን። እውነተኛ ነው። ሚሊዮን ግን አያወጣም። የብሩን ዋጋ ሒሳብ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ከጠገራው ጋር በነጠላቸው ጫፍ መልሰው ቋጠሩት። «ለልጄ ሰርግ አንገቷ ላይ አስርላታለሁ» አሉ።