አማኒፖዳግሪዮን ጊሊዬሲ፦ የአንድ ብርቅ ተርብ ዝንብ ስያሜና ምደባ

አማኒፖዳግሪዮን ጊሊዬሲ በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ በምሥራቅ ኡሳምባራ ተራሮች ደን ውስጥ ብቻ የሚኖር ቀጭን ተርብ ዝንብ ነው። ወገኑ፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚጠቃለሉበት የምደባ ደረጃ፣ ከዚህ ዝርያ በቀር ሌላ አባል የለውም፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ወገኖችን የሚያቅፈው ከፍ ያለው ደረጃ፣ አስተኔውም፣ የእርሱ ብቻ ሆኗል። ስሙ የወጣለት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ የማን ዘመድ እንደሆነ ለመወሰን ግን ከዚያ በኋላ 59 ዓመታት አልፈዋል።

ተርብ ዝንቦች ኦዶናታ በሚባለው ክፍለ መደብ ይጠቃለላሉ። በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ አካላቸው ጠንከር ያለና ሲያርፉ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚቀመጡ አሉ፤ ሰውነታቸው እንደ ክር የቀጠነ፣ ዓይኖቻቸው የተራራቁና አራቱም ክንፎቻቸው የሚመሳሰሉ ደግሞ አሉ። አማርኛ ሁለቱን የሚለይበት የጸና ቃል ስለሌለው፣ እዚህ ላይ ሁለተኞቹን ቀጭን ተርብ ዝንብ ማለቱ ይበጃል። ከቀጭኖቹ አብዛኞቹ ሲያርፉ ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ ይገጥማሉ፤ እንደ ወፍራሞቹ ዘርግተው የሚያርፉ ቡድኖች መኖራቸው ግን የምደባውን ሥራ ለረጅም ጊዜ አወሳስቦታል።

ዝርያውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በአፍሪካ ተርብ ዝንቦች ጥናት ስሙ የሚነሳው ኤሊዮት ፒንሄይ ነው። የስሙን ክፍሎች ለያይቶ ማየት ጠቃሚ ነው። ‹አማኒ› በ1902 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች የሥነ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋም ያቋቋሙበት፣ በኋላም የወባ ምርምር ማዕከል የሆነው የኡሳምባራ ሥፍራ ነው። ‹ጊሊዬሲ› የሚለው የዝርያ ስም በዚያ ስለ ወባ ትንኞች ላጠናው ለጊሊስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ‹ፖዳግሪዮን› የሚለው መድረሻ ግን የቦታም የሰውም መታሰቢያ አይደለም፤ ስም አውጪው ነፍሳቱን ከየትኛው ቤት እንደቆጠረው የሚናገር ምልክት ነው። ያ ቤት ሜጋፖዳግሪዮኒዴ የተባለው አስተኔ ነበር።

ችግሩ ያ አስተኔ ራሱ እውነተኛ ቤተሰብ አለመሆኑ ነው። በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በእስያ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካ የሚገኙ፣ በክንፋቸው ላይ ባለው የሥር መረብና በአቀማመጣቸው የሚመሳሰሉ ወገኖች ሌላ ማረፊያ ሲታጣላቸው ወደዚያ ይጨመሩ ነበር። መመሳሰላቸው በአብዛኛው ከጥንታዊ ቅድመ አያቶች ሳይለወጥ የቆየ መልክ እንጂ የቅርብ ዝምድና ማስረጃ አልነበረም። ሰባት ቤት ለመቁጠር የተቀመጠ ሰው መልክ የሚመሳሰሉትን ሁሉ የአንድ አያት ልጆች ቢላቸው እንደሚሳሳት፣ የነፍሳት መዳቢዎችም በዚህ ረገድ ተሳስተው ነበር። ይህን ስንል ግን የቀደሙትን ሊቃውንት ማቃለል አይገባም፤ በእጃቸው የነበረው በመርፌ የተወጋ ናሙናና አጉሊ መነጽር ብቻ ነበርና።

መልሱ የመጣው የዘረ መል ቅደም ተከተልን ማንበብ ሲቻል ነው። ኔዘርላንዳዊው ክላስ ዳውዌ ዳይክስትራና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ከቀጭን ተርብ ዝንብ ወገኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አነጻጽረው የአስተኔዎቹን አከፋፈል እንደ አዲስ አዋቀሩ። ሜጋፖዳግሪዮኒዴ ተበታትኖ በደቡብ አሜሪካ ለሚገኙ ጥቂት ወገኖች ብቻ ቀረ። የአማኒው ተርብ ዝንብ ግን ወደ የትኛውም ቤት ሳይገባ ‹ቦታው ያልተወሰነ› ከሚባሉት መካከል ተቀመጠ፤ ከሚያስጠጋው ዘመድ ይልቅ ከሁሉም የሚለየው ርቀት ጎልቶ ታይቷልና። ይህ ውሳኔ በእኔ ግምት ከስህተት የተሻለ ታማኝነት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ብዙ ተጨማሪ የዘረ መል መረጃ ከተተነተነ በኋላ፣ ለጥንታዊ ቅሪት ቡድኖች አዳዲስ አስተኔዎች ሲሰየሙ አማኒፖዳግሪዮኒዴ የሚለው ስም ወጣለት።

እዚህ ላይ የስያሜው ሕግ አንድ አስገራሚ ነገር ጠብቆ ያቆያል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ በአግባቡ የወጣ ስም ትርጉሙ አሳሳች ሆኖ ተገኘ ተብሎ እንዲለወጥ አይፈቅድም፤ የሚቀድመውም ቀድሞ የታተመው ስም ነው። የአስተኔ ስም ደግሞ ከወገኑ ስም ላይ ‹ኢዴ› የሚል መድረሻ ተጨምሮ ይገኛል። ስለዚህ ከሜጋፖዳግሪዮን ጋር የነበረው ዝምድና ቢፈርስም የዝምድናው ምልክት በወገኑም በአዲሱ አስተኔም ስም ውስጥ ጸንቶ ኖሯል። ምደባ በማስረጃ የሚታረም ሐሳብ ሲሆን፣ ስም ግን ተመራማሪዎች በየዘመኑ ስለ አንድ ፍጡር እንዲግባቡ የተተከለ ችካል ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

በዚያው በምሥራቅ አፍሪካ ደኖች የሚኖረው ኮሪፋግሪዮን ግራንዲስ ተቃራኒውን መንገድ ተጉዟል። በዛፍ ፍልፍል ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ የሚራባው ይህ ግዙፍ ቀጭን ተርብ ዝንብ ለብቻው አስተኔ ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ ግን የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ግዙፍ ተርብ ዝንቦች ዘመድ መሆኑ በዘረ መል ተረጋግጦ፣ ከእነርሱ ጋር ኮኤናግሪዮኒዴ በተባለው ትልቅ አስተኔ ሥር ተጠቃለለ።

የኡሳምባራ ተራሮች እንዲህ ያሉ ብቸኛ ፍጥረታትን ያቆዩት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥበት አፍሪካ በደረቀችባቸው ዘመናት እንኳ ደናቸው እንዳይደርቅ ስለጠበቀው ነው። በቤት ውስጥ የሚተከለው የአፍሪካ ቫዮሌት አበባም ወደ አውሮፓ የሄደው ከዚሁ አካባቢ ነው። ዛሬ የደኑ ከፊል በሻይ እርሻ ተተክቷል፤ ከውጭ የገባው ማኤሶፕሲስ የተባለ ዛፍም በተጨፈጨፉ ቦታዎች ላይ ተስፋፍቷል። የአማኒ የተፈጥሮ ክልል በ1997 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልሏል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአማኒውን ተርብ ዝንብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ጋር መዝግቦታል፤ መኖሪያው ጥላ ያለው የደን ጅረት በመሆኑና የሚታወቅበት ሥፍራም እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ የአንድ ጅረት ጥላ መገፈፍ ወይም ውኃው መደፍረስ አንድን ሙሉ አስተኔ ከምድር ሊያጠፋ ይችላል።