ሲግናል ኳሊቲ ምንድን ነው?

«ስትሬንግዙ 92 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ዲሹ ደህና ነው፤ የተበላሸው ሶፍትዌሩ ነው።» ሳሎን ኮምፒውተር አስቀምጦ፣ የሳተላይት ካርድ ገጥሞ፣ በቲቪሄድኤንድ (ሥርጭቱን ከካርዱ በሚቀበለው ሶፍትዌር) እና በኮዲ (ስክሪን ላይ በሚያሳየው ሶፍትዌር) ቴሌቪዥን ከሚያይ ሰው አፍ ይህ አባባል አይጠፋም። አጠገቡ ያለው «እንግዲያው አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው» ይለዋል፤ ሌላው አምፕሊፋየር እንዲገዛ ይመክረዋል። ምስሉ መቆራረጡን አይተውም፤ ሲግናሉን የሚያሳዩት ሁለት መስመሮች ስትሬንግዝ (ጥንካሬ) እና ኳሊቲ (ጥራት) ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያዩት የማይጠቅመውን ነውና።

ስትሬንግዝ ቱነሩ (ካርዱ ላይ ሲግናሉን የሚቀበለው ክፍል) ጋ የደረሰው ጠቅላላ ኃይል ነው። ከሳተላይት ይምጣ ከየትም ይምጣ አይለይም። ኳሊቲ ግን የምትፈልጉት ሞገድ ከኖይዙ (ሳይፈለግ አብሮ ከሚገባው ረብሻ) በምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው። በአግባቡ ሲለካ በዴሲቤል (አንዱ ኃይል ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚገልጽ መለኪያ) ይጻፋል፤ ሶፍትዌሮቹ ኤስኤንአር ይሉታል። ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ዲሹን ወደ ግድግዳ አዙሩት። ኳሊቲው ወዲያው ዜሮ ይሆናል፤ ስትሬንግዙ ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ እንደቆመ ይቀራል። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው መቀበያ) የገባለትን ሁሉ ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ስለሚያጎላ፣ ሳተላይት ባይኖርም ኖይዙን አጉልቶ ይልካል። ኬብሉን ስትነቅሉት ነው ስትሬንግዙ በትክክል የሚወድቀው። ስለዚህ ከዚህ መስመር በእርግጠኝነት የምታውቁት ኬብሉ መገናኘቱንና ኤልኤንቢው ኃይል ማግኘቱን ብቻ ነው።

አንድ ጆንያ ጤፍ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ግማሹ አሸዋ ቢሆንም 50 ኪሎው ያው 50 ኪሎ ነው፤ ሚዛኑ ስትሬንግዝ ነው። ኳሊቲ የሚታወቀው ጆንያው ተፈትቶ በእጅ ሲታፈስ ነው፦ ስንቱ ፍሬ፣ ስንቱ አሸዋ? አምፕሊፋየር መግጠም ከዚያው ክምር ሌላ ጆንያ ሞልቶ መጨመር ነው፤ ጤፉም አሸዋውም እጥፍ ይሆናል፣ ዕቃው ራሱም የራሱን እፍኝ አሸዋ ይጨምርበታል። ዲሹን ማስተካከል ግን አውድማውን መጥረግ ነው። ቱነሩ ውስጥ ያለው ስህተት ማረሚያ ደግሞ ወንፊቱ ነው፤ አሸዋው ከልክ እስካላለፈ ድረስ አንዲት ቅንጣት ሳያሳልፍ ያጠራል፣ ከልክ ሲያልፍ ግን ይደፈናል። በድሮው አናሎግ ምስሉ ቀስ በቀስ እየተበላሸ፣ በረዶ እየለበሰ ይሄድ ነበር። በዲቪቢ ኤስ2 (በዲጂታል የሳተላይት ሥርጭት ስታንዳርድ) ከጥሩ ምስል ወደ ጥቁር ስክሪን ለመድረስ የአንድ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ አያስፈልግም። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ማንም አልነካውም» የሚሉት ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ትናንትም ከጠርዙ ላይ ነበሩ፣ አላወቁም እንጂ።

ወንፊቱ በየትራንስፖንደሩ (ሳተላይቱ ላይ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቻናሎችን በሚልከው በእያንዳንዱ ማሠራጫ) ይለያያል፤ ይህን ሳያነሳ ስለ ኳሊቲ የሚያወራ ሰው ያስቸግራል። ኪውፒኤስኬና 8ፒኤስኬ መረጃው በሞገዱ ላይ የሚጫንባቸው መንገዶች ናቸው፤ ክፍልፋዩ ከሚላከው ውስጥ ስንቱ ራሱ መረጃው እንደሆነ ይናገራል፣ ቀሪው ለስህተት ማረሚያ ነው። በዲቪቢ ኤስ2 ስታንዳርድ መሠረት ኪውፒኤስኬ 1/2 የሚፈልገው 1 ዴሲቤል ገደማ ነው። ኪውፒኤስኬ 3/4 ወደ 4፣ 8ፒኤስኬ 2/3 ወደ 6.6፣ 8ፒኤስኬ 3/4 ወደ 7.9፣ 8ፒኤስኬ 5/6 ደግሞ ከ9.3 በላይ ይፈልጋል። እነዚህ እንከን ለሌለው ቱነር የተሰሉ ናቸው። ለእውነተኛ ዕቃ አንድ ዴሲቤል ጨምሩ፤ ለክረምት ዝናብ ቢያንስ ሌላ ሦስት። እንግዲህ «ኳሊቲዬ 8 ዴሲቤል ነው፣ ይበቃል ወይ?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ «በየትኛው ትራንስፖንደር?» ነው። ለአንዱ የተትረፈረፈ፣ ለሌላው ለሞት አንድ ሐሙስ የቀረው ነው።

በመቶኛ የተጻፈ ኳሊቲ የባሰ ነው። የድሮው የሊኑክስ ዲቪቢ አሠራር ከ0 እስከ 65535 ያለ መለኪያ የሌለው ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ 65535 ስንት ዴሲቤል እንደሆነ እያንዳንዱ የድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ጸሐፊ እንደመሰለው ወስኗል። የአንዱ ካርድ 40 በመቶ ከሌላው 75 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ካርድ ቀይረው «ኳሊቲ ቀነሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የቀየሩት ማስመሪያውን ነው። አዲሱ አሠራር በዴሲቤል ሺኛ ይናገራል (8400 ማለት 8.4 ዴሲቤል ነው)፤ ቲቪሄድኤንድም ድራይቨሩ ዴሲቤል ከሰጠው በዴሲቤል ያሳያል። መቶኛ ብቻ የምታዩ ከሆነ ካርዱን ከራሱ ጋር እንጂ ከጎረቤት ሪሲቨር ጋር አታወዳድሩት።

ሲምቦል ሬትም (መረጃው የሚላክበት ፍጥነት) አለ። በኢትዮሳት እንደ 11105 ኤች 45000 (ፍሪኩዌንሲ፣ የሞገዱ አቅጣጫ፣ ሲምቦል ሬት) ያለ ትራንስፖንደር 27500 ከሆነው የበለጠ ሰፊ ባንድ ይይዛል፤ በሰፋ ቁጥር ኖይዙም አብሮ ይገባል። የሳተላይቱ ኃይል እኩል ቢሆን ልዩነቱ 2 ዴሲቤል ገደማ ነው። በአንድ ዲሽ አንዱ ጠርቶ ሌላው የሚቆራረጠው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። ካርዱ ራሱ 45000 መቀበል መቻሉንም አረጋግጡ፤ የማይችል አለ።

ስትሬንግዝ እንደማያስተማምን ማስረጃው በዓመት ሁለት ጊዜ ከሰማይ ይመጣል። በደመራ ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላለው የኢትዮሳት ሳተላይት ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ለናይልሳት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። በተከታታይ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለደቂቃዎች ኳሊቲው ይወድቃል፤ ስትሬንግዙ ግን ከፍ ይላል፣ ፀሐይ ራሷ ኃይለኛ ኖይዝ ናትና። በዚያ ሰዓት ብሎን የሚፈታ ሰው ደህናውን ዲሽ ያበላሻል።

ዲሽ ስታስተካክሉ እንግዲህ ዴሲቤሉን ብቻ ተከተሉ። በ90 ሳንቲሜትር ዲሽ 1 ዲግሪ መሳት ግማሹን ኃይል ያሳጣል፤ ያ በዲሹ ጠርዝ ላይ 8 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ገፍታችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ብሎኑን ስታጠብቁም ዓይናችሁ ከቁጥሩ አይነሳ፤ ብዙ ዲሽ የሚስተው ሲጠብቅ ነው። ቀጥሎ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ ግራና ቀኝ አዙራችሁ ከፍተኛው ላይ አቁሙት። አምፕሊፋየር ቦታ የሚኖረው ኬብሉ በጣም ሲረዝም ነው፤ አርጂ6 (የተለመደው የዲሽ ኬብል) በ100 ሜትር እንደ ፍሪኩዌንሲው ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ይበላል። ያኔም የሚገጠመው ዲሹ አጠገብ እንጂ ቴሌቪዥኑ ጀርባ አይደለም።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ፣ ጥፋቱ የአየር ነው ወይስ የማሽኑ የሚለውን የሚለዩት ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በቲቪሄድኤንድ ስቴተስ ውስጥ ስትሪም የሚለውን ክፈቱ። አንኮሬክትድ ብሎክስ ወንፊቱ ያልቻለው ነው፤ እየጨመረ ከሄደ ሶፍትዌሩን ተዉት፣ ወደ ጣሪያው ውጡ። ኮንቲኒዩቲ ኤረርስ ሌላ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ 188 ባይት ፓኬት ከ0 እስከ 15 የሚቆጥር ተራ ቁጥር አለው፤ ተራው ሲዘል ፓኬት ጠፍቷል። ሁለቱ አብረው ከጨመሩ ጥፋቱ የአየር ነው። ሁለተኛው ብቻውን ከጨመረ ፓኬቱ የጠፋው ከቱነሩ ወዲህ ነው። ቱነራችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ከሃብ (ከዩኤስቢ ማባዣው) አውጥታችሁ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩት፣ ከውጭ ሃርድ ዲስክ ለዩት፣ የዩኤስቢ እንቅልፍን አጥፉ። ቻናል ሲቀየር የሚታዩት ጥቂት ስህተቶች አያሳስቡም።

ሆኖም አንኮሬክትድ ብሎክስ ሁልጊዜ ዜሮ የሚያሳይ ድራይቨር አለ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቻናል ከፍታችሁ የኤልኤንቢውን ፊት በመዳፍ በከፊል ሸፍኑ። ምስሉ ተቆራርጦ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ዜሮው ውሸት ነው፤ በኤስኤንአሩ ብቻ ፍረዱ።

በዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚያገኝ ቱነር የራሱ ወጥመድ አለው። ኤልኤንቢው ለቪ (ለቁም ሞገድ) 13 ቮልት፣ ለኤች (ለአግድም ሞገድ) 18 ቮልት ይፈልጋል። በ18 ቮልት 150 ሚሊአምፒር ቢስብ 2.7 ዋት ነው፤ ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው ደግሞ 2.5 ዋት። ቮልቴጁ ይወርድና ኤልኤንቢው ቪ ላይ እንደቆመ ይቀራል። የቪ ቻናሎች በሙሉ ይሠራሉ፣ የኤች በሙሉ ይጠፋሉ፣ ስትሬንግዙም ሙሉ ነው። መድኃኒቱ የራሱ አዳፕተር ነው። የጠፉት ከ11700 በላይ ያሉት ብቻ ከሆኑ ግን ነገሩ 22 ኪሎኸርዝ ቶኑ (ቱነሩ ኤልኤንቢውን ወደ ላይኛው ባንድ ለመቀየር የሚልከው ምልክት) ነው፤ የኤልኤንቢው ዓይነት ዩኒቨርሳል (9750 እና 10600) ተብሎ መሞላቱን ተመልከቱ። ኤች ብቻም፣ ላይኛው ባንድ ብቻም ሳይሆን ሁሉም ድንገት ከጠፋ የኤፍ ኮኔክተሩን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) ፈትታችሁ እዩት፤ ከሽቦ ጋሻው አንዲት ፀጉር የመሃሉን መዳብ ከነካች ቱነሩ ኃይሉን ይዘጋል።

ሁለቱም ቆጣሪዎች ዜሮ ሆነው ምስሉ በየሰከንዱ ትንሽ የሚነጥር ከሆነ ይህ ከሲግናል ጋር ግንኙነት የለውም። የእኛ አካባቢ ሥርጭት 50 ኸርዝ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚልከው ግን ብዙ ጊዜ 60 ነው። ኮዲ ውስጥ ፕሌየር፣ ቪዲዮስ ገብታችሁ አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት የሚለውን አብሩት። ኤስኤንአሩ 14 ዴሲቤል ሆኖ፣ ስህተት ሳይኖር ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቻናሉ የተቆለፈ ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሰው አውርዱት።