የዛፍ ሥዕላዊ መግለጫ ምንድን ነው? ሳጥንና መስመር ያለው ሁሉ ዛፍ አይደለም

በሳጥንና በመስመር የተሠራን ሥዕል ሁሉ «የዛፍ ሥዕላዊ መግለጫ» ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል። ሥራዬ ደሴ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፎችን በላቴክ (ገጽን በተጻፈ ትእዛዝ በሚያሰናዳ የኮምፒውተር ሥርዓት) ማሰናዳት ነው፤ የማስረከቢያው ጊዜ ሲቃረብ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቆለለው ሥዕል አብዛኛው ይህንኑ ስም ተሸክሞ ይመጣል። የሥራ ፍሰት ይሁን፣ የመሥሪያ ቤት መዋቅር ይሁን፣ የምርምር ማዕቀፍ ይሁን፣ ከግርጌው የተጻፈው አንድ ነው። እስካሁን እያረምኩ አልፈው ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ «ላቴክ ዛፍ መሳል አይሆንለትም፤ ሳጥኖቹን በመዳፊት እየጎተቱ ማያያዝ ይሻላል» ብሎ ፈረደ። ለፍርዱ በማስረጃነት ያቀረበው ሥዕል ዛፍ አልነበረም።

ላቴክ እንዴት እንደሚጫን፣ ሰነድ እንዴት እንደሚጀመር ለሌሎች እተዋለሁ። ክርክሬ ስለ ዛፉ ነው።

ዛፍ አንድ ሕግ አለው። ሥር ከሚባለው ሳጥን በስተቀር እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ወላጅ፣ ማለትም የሚንጠለጠልበት አንድ ሳጥን፣ አለው፤ ሁለት ሊኖረው አይችልም፣ ያለ ወላጅም ሊቀር አይችልም። የሳጥኑ ቅርፅ፣ የመስመሩ መታጠፍ፣ የቀስት መኖር አለመኖር በዛፍነቱ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። አንድም ሳጥን የሌለበት፣ በቃላት ብቻ የቆመ ዛፍ አለ፤ መቶ ሳጥን ተደርድሮበት ዛፍ ያልሆነ ሥዕልም አለ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አርተር ኬይሊ እ.ኤ.አ. በ1857 ስለ ዛፎች ሲጽፍ ያሳሰበው አያያዛቸው እንጂ መልካቸው አልነበረም።

የቦርከናን ወንዝ አይቶ የሚያውቅ ሰው ሕጉን አይቶታል። ከደሴ ዙሪያ ተራሮች የሚወርድ ጅረት ሁሉ መግቢያው አንድ ነው። ወደ እሱ የሚገቡት ምንም ያህል ቢበዙ እሱ ራሱ የሚገባው አንድ ወንዝ ውስጥ ነው። ጅረቱ ወደ ቦርከና፣ ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አቤ ሐይቅ ሥር ነው፤ ምንጮቹ ቅጠሎች፣ ማለትም ልጅ የሌላቸው ጫፎች፣ ናቸው። «በሥዕል ላይ ሥሩ ከላይ ነው፣ ውሃው ግን ወደ ታች ነው የሚፈሰው» ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ አቅጣጫ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። አንድ ገበሬ ከወንዙ መስኖ ጠልፎ ትርፉን ዝቅ ብሎ ወደዚያው ወንዝ ቢመልሰው ግን ዛፉ ፈረሰ፤ ከጠለፋው እስከ መመለሻው ሁለት መንገድ ተፈጥሯል። በክረምት ጨፋ ላይ ውሃው ሜዳውን ሲሸፍንና የትኛው ውሃ የየትኛው ወንዝ እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ምን እንበል? እሱን የውሃ መሐንዲሶች ይመልሱት።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በዘር ሐረግ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ያለ ጥርጥር ዛፍ ነው ብሎ የሚያምነው እሱን ስለሆነ። ደሴ የምታውቀውን ቤተሰብ ልውሰድ። ስማቸውን በከተማችን ትምህርት ቤት ላይ የምናነበው ወይዘሮ ስሒን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ልጅ ኢያሱም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። በላቴክ ውስጥ ፎረስት በሚባለው፣ ዛፍ በሚስለው ተጨማሪ ጥቅል ይህ እንዲህ ይጻፋል፦

[ንጉሥ ሚካኤል
  [ወይዘሮ ስሒን [እቴጌ መነን]]
  [ልጅ ኢያሱ]
]

4 ሳጥንና 3 መስመር ይወጣል። ልብ በሉ፤ መስመር የሚባል ነገር የትም ቦታ አልጻፍኩም። በቅንፍ ውስጥ ያለ ቅንፍ ልጅ ነው፤ መስመሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። «የትኛውን ሳጥን ከየትኛው ጋር ላያይዘው?» የሚል ጥያቄ ፎረስት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ማያያዙ ያለቀው ስትጽፉ ነው።

አሁን ደንበኛ መጥቶ እናትየውንም ጨምር ይለኛል። ልጅ ኢያሱ በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸውና ተገቢ ጥያቄ ነው። ምኒልክን ከላይ፣ ሸዋረጋን ከሥራቸው አድርገን ወደ ኢያሱ መስመር ብንስብ 6 ሳጥንና 5 መስመር ይኖረናል። በዛፍ ውስጥ የመስመሮቹ ብዛት ከሳጥኖቹ በአንድ ያንሳል የምትለውን መፈተኛ የሸመደደ ሰው እዚህ ጋ «ይኸው፣ ዛፍ ነው» ይላል። የሒሳብ ሰውም ይስማማዋል፤ ሁሉም ተያይዟል፣ ዙርም (ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድም) የለበትም። (መፈተኛዋ ብቻዋን አትበቃም፤ አንድ ሳጥን ተገንጥሎ ቀርቶ ሌላ ቦታ ዙር ካለም ቁጥሩ ይገጥማል።) ለእኛ ግን ችግር አለ። ሥዕሉ ሁለት አናት አወጣ፣ ኢያሱም ሁለት ወላጅ አገኙ። የኢያሱ ቅንፍ በሚካኤል ቅንፍ ውስጥ ካለ በሸዋረጋ ቅንፍ ውስጥም ሊገኝ አይችልም። ፎረስት እንቢ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ እንቢታው ደግሞ ትክክል ነው።

ኢያሱን ሥር አድርጋችሁ ብትሰቅሉት ፎረስት ይቀበለዋል። ሚካኤልና ሸዋረጋ ከሥራቸው ይንጠለጠላሉ፣ ስሒን ከሚካኤል ሥር፣ ምኒልክ ከሸዋረጋ ሥር ይሆናሉ። ያኔ ግን ከኢያሱ ወደ ሚካኤል የሚወርደው መስመር «አባቱ» ማለት ሲሆን ከሚካኤል ወደ ስሒን የሚወርደው «ልጁ» ማለት ይሆናል። በአንድ ሥዕል ውስጥ መስመር ሁለት ትርጉም ከያዘ አንባቢ ምኑን ያምናል? በሚካኤልና በሸዋረጋ መካከል የጋብቻ መስመር ከጨመራችሁ ደግሞ ሦስቱ ዙር ሠሩ፤ አሁን የሒሳቡም ሰው ትቷችሁ ይሄዳል።

ወደ ላይ ብቻ የሚቆጠር የዘር ሐረግ፣ ማለትም አንድ ሰው፣ ሁለት ወላጆቹ፣ አራት አያቶቹ እያለ የሚሄደው፣ ዛፍ መሆን ይችላል። የሚችለው ግን አንድ ቅድመ አያት በሁለት በኩል እስካልመጣ ድረስ ነው። እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረ የሚጋባ ቤተሰብ ሳያውቀው ይህንን ይጠብቃል፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ማንም ሰው ሁለት ቦታ አይታይም። ያም ሆኖ ደስ አይበላችሁ። ሰባተኛው ትውልድ 128 ሳጥን ነው። የኤ4 ወረቀት ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ሰው ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይደርሰዋል፣ ኅዳጉን ሳንቀንስ። ዛፍነቱ ተረጋግጦም ገጽ ላይ የማይወጣ ዛፍ አለ።

ወደ አስተያየት ሰጪው ልመለስ። «ሳጥኖቹ እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይደራረባሉ፣ የተጠቀመው በፎረስት ሳይሆን ቲክዝ በሚባለው ጥቅል የራሱ የዛፍ ትእዛዝ ስለሆነ። ቲክዝ በመደበኛ አሠራሩ በወንድማማች ሳጥኖች መካከል የሚተወው ርቀት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ከሥራቸው ስንት የልጅ ልጅ እንዳለ አይጠይቅም። ለሁለት ጎረቤታሞች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሰፋፊ ልጆች ብትሰጧቸው ልጆቹ ይጋጫሉ። ፎረስት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ከቅጠል ይጀምራል። ቦርከናን እንደገና ልጥራው፦ ስፋት ልክ እንደ ውሃው ከዳር ዳሩ እየተጠራቀመ ወደ ሥሩ ይሄዳል። መጀመሪያ ትንሹ ቅርንጫፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይለካል፤ ወላጁ የልጆቹን ቅርፅ ተቀብሎ ሳይነካኩ አጠጋግቶ ያስቀምጣቸዋል፣ እሱ መሐላቸው ይቆማል፤ የሁሉን ስፋት መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ሥሩ ነው። ንጽጽሩ እዚህ ላይ መንገዳገድ እንደሚጀምር አውቃለሁ። ጠባብ ቅርንጫፍ ከሰፊ ጎረቤቱ ክንፍ ሥር ገብቶ ቦታ ይቆጥባል፤ ሁለት ጅረቶች ግን እንዲህ አይቻቻሉም። ከቅጠል ወደ ሥር እየለኩ የመሄድን ሐሳብ ሬይንጎልድና ቲልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት የአሳሳል ዘዴ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች በሚገባ ያውቁታል።

ጥቅሙ የሚታየው እርማት ሲመጣ ነው። አማካሪው «የሰው ሀብት» የሚለውን «የሰው ሀብት ልማትና አስተዳደር» አድርገው ሲሉ በመዳፊት የሳለ ተማሪ አንዱን ሳጥን አስፍቶ ሌሎቹን አንድ በአንድ ሲገፋ ያመሻል። በፎረስት ጽሑፉ ይለወጣል፤ ቀሪው እንደገና ይሰላል።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ ፎረስት ካልነገራችሁት ክፈፍ አይሠራም። የሠራው ሳሾ ዢቫኖቪች የሥነ ልሳን ሰው ነው፤ በዚያ ሙያ ዛፍ ክፈፍ የለውም። [ዓረፍተ ነገር [ስማዊ ሐረግ [አበበ]] [ግሳዊ ሐረግ [በሶ] [በላ]]] ብላችሁ ብትጽፉ የሚወጣው ቃላትና ሰያፍ መስመሮች ናቸው። በዚህ ዛፍ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ቅደም ተከተል ትርጉም አለው፣ «በላ»ን ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም፤ በመሥሪያ ቤት መዋቅር ግን ፋይናንስ ከግዢ በስተግራ መቀመጡ ሹመት አይደለም። ለመዋቅር «ፎር ትሪ» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ «ድሮው» የሚል አንድ ቃል ማስገባት ለሁሉም ክፈፍ ይሰጣል። ሰያፉ መስመር የቢሮ መልክ የለውም ካላችሁ «ኤጅስ» የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል ጠርታችሁ «ፎርክድ ኤጅስ» በሉ፤ መስመሩ በቀጥታ ወርዶ በመንታ ይታጠፋል። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት መስመር ጽሑፍ ከፈለጋችሁ «አላይን» የሚለውን ሳትወስኑ አትሞክሩ፤ ጽሑፉ አይሰበርም። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በድምፃቸው አኖርኳቸው።

አስተያየት ሰጪው ያቀረበው ሥዕል የአንድ ፋብሪካ መዋቅር ነበር። ጥራት ቁጥጥር በየዕለት ሥራው ለምርት ክፍል፣ በውጤቱ ደግሞ በቀጥታ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ተጠሪ ነው። አንድ ሳጥን ከሁለት ቦታ ይንጠለጠል ማለቱ ነው። ላቴክ አልቻለም ከማለቱ በፊት ፋብሪካውን መጠየቅ ነበረበት፦ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው ማን ነው? መልሱ የምርት ክፍል ኃላፊ ነው ከተባለ ቅንፉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ግንኙነት ዛፉ ካለቀ በኋላ የሚሳል ነው። ለሁለቱ ሳጥኖች መጠሪያ ትሰጣላችሁ፣ ከመጨረሻው ቅንፍ ቀጥሎ በመጠሪያቸው ጠርታችሁ በተቆራረጠ መስመር ታያይዟቸዋላችሁ። ይህኛው መስመር በአቀማመጡ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ መግባትም የለበትም። አንባቢውም ሙሉው መስመር ተጠሪነት፣ የተቆራረጠው ሌላ ነገር መሆኑን በዓይኑ ይለያል። የተቆራረጡት ከሙሉዎቹ ከበለጡ ግን ዛፉን ተዉት፤ እንደ ግራፍቪዝ ያለ፣ ሳጥን ብዙ ወላጅ ቢኖረውም የሚደረድር መሣሪያ አለ። ስሙንም አብራችሁ ቀይሩ፣ ከግርጌው «የዛፍ ሥዕላዊ መግለጫ» አትበሉት።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚቀሩ ነገሮች አሉ። ሰነዱን የግእዝን ፊደል በቀጥታ በሚያነቡት የላቴክ ዓይነቶች፣ በዜላቴክ ወይም በሉዋላቴክ አስኬዱት፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ የግእዝ ፊደል ያለው ቅርጸ ፊደል ምረጡ። ቅርጸ ፊደሉን ከረሳችሁ ዛፉ በሥርዓት ቆሞ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ማስጠንቀቂያው ያለው ማንም በማያነበው የምዝግብ ፋይል ውስጥ ነው። በፎረስት ቅንፍ ውስጥ የላቲን ኮማ ጽሑፉን ይቆርጠዋል፣ ከእሱ በኋላ ያለው እንደ ትእዛዝ ይነበባል። «ደሴ፣ ኮምቦልቻ» ብላችሁ በእኛው ነጠላ ሰረዝ ብትጽፉ ምንም አይሆንም፤ በላቲን ኮማ ከጻፋችሁት ግን ሙሉውን በጥምዝ ቅንፍ መክበብ አለባችሁ።

ሰፊ ዛፍ ከገጹ ሲያልፍ ሥዕሉን በሙሉ ማሳነስ የብዙ ሰው መፍትሔ ነው፤ እኔ አልወደውም። የላቲን ፊደል በዚያ መጠን ሊነበብ ይችል ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ግን ሉ ከሊ የሚለየው በአንዲት ቅጥያ አቀማመጥ ነው፣ መሐል ወይም ግርጌ። ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት፤ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ዛፉ ወደ ታች ማደጉን ትቶ ወደ ቀኝ እንዲያድግ እዘዙት፤ የአማርኛ ሳጥን ብዙ ጊዜ ረጅምና ዝቅ ያለ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ሥር ሲደረደር ገጹ ይበቃዋል። ያም ካልበቃ ገጹን አግድም አዙሩት፣ ወይም አንዱን ቅርንጫፍ ነቅላችሁ በሚቀጥለው ገጽ እንደ ራሱ ዛፍ ሳሉት። ቅንፉን ከነሆዱ ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ነው፤ አንድም መስመር በእጅ አይነካም።